መልስ፦ ባጋት ሲንግ የተወለደው ካትካር ካላን ነው ወይስ ፓኪስታን?

የዛሬዋ ፓኪስታን። እ.ኤ.አ. በ1931 ላሆር ላይ በስቅላት የተቀጣው ይህ የህንድ የነጻነት ታጋይ የተወለደው በ1907፣ ፋይሳላባድ አካባቢ ባንጋ የምትባል መንደር ውስጥ ነው። ካትካር ካላን የአያቶቹ መንደር ናት፣ ህንድ ውስጥ። ቤተሰቡ እንግሊዞች ቦይ ቆፍረው መስኖ ወዳስገቡበት አዲስ መሬት ሄዶ ሰፍሮ ነበር።

ካርታ ላይ ስትፈልጋት "ቻክ 105 ጂቢ" በል። ቻክ የሰፈራ መንደር ነው፤ ጂቢ ደግሞ (የኢንተርኔቱ አይደለም) ውሃ የሚያጠጣት፣ "ጉገራ ብራንች" የሚባለው ቦይ ምልክት። ፊደሉን ከተውከው ሌላ ቦይ ላይ ያለ 105 ሊመጣብህ ይችላል።

ተጠንቀቅ፣ ካትካር ካላን አጠገብም ባንጋ የሚባል ከተማ አለ። እኔ ሁለቱን አምታትቼ ግማሽ ቀን ድንበሩን ወዲያና ወዲህ ስል ውያለሁ።