ለባለቤቴ ኢ-ሪደር ልግዛ ወይስ ታብሌት?

ሰላም የንባብ ክበባችን ሰዎች። ሰሞኑን ሦስት ሰው ለየብቻ ይህንኑ ስለጠየቀኝ የዚህን ሳምንት የጥያቄና መልስ ሰዓት ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። አዲስ ለመጣችሁ፣ እኔ እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ኢ-ሪደር፣ ማለትም ለንባብ ተብሎ የተሠራውን ዕቃ፣ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በታብሌት ነው የምታነበው። ሁለቱም ከቤቴ አይጠፉም።

ሁለት ነገር ላስቀድም። አንደኛ፣ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት የትዳር አጋራችሁ አሁን የሚያነበውን ፋይል ክፈቱና እዩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ነው የምለው። ሁለተኛ፣ ዋጋ አትጠይቁኝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዛሬ ዋጋ ለሳምንት ላይሆን ይችላል። በሉ ጠይቁ።

ሙሽራው ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ የሚስቴ ልደት እየደረሰ ነው። ማንበብ በጣም ትወዳለች። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መልካም ልደት ለእሷ። ጥያቄህ ግን ጎደሎ ነው። በምን ቋንቋ ታነባለች? መጽሐፉን ከየት ታገኘዋለች? ፒዲኤፍ ነው ወይስ ሌላ? የት ሆና ነው የምታነበው? ስጦታው እንዳይነቃብህ ከፈለግህ «ምን እያነበብሽ ነው?» ብለህ አጠገቧ ቁጭ በል። ከዚያ ተመለስ።

የሜክሲኮዋ፦ ሁለቱም ስክሪን አይደሉም እንዴ? ልዩነቱ አልገባኝም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታብሌት ከኋላው መብራት አለው፤ ያ መብራት ቀጥታ ወደ ዓይንሽ ይመጣል። ኢ-ሪደር ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ቀለም ነው። ስክሪኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ከወጡ በኋላ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ባሉበት ይቆያሉ። ገጹ ባለበት እንዲቆይ ባትሪ አያስፈልገውም። ባትሪ በዋናነት የሚበላው ገጽ ሲገለጥ፣ መብራቱ ሲበራና ዋይፋይ ሲከፈት ነው። ለዚህ ነው አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት የሚሄደው። መብራት በጠፋ ምሽት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

መብራቱም ከስክሪኑ ጠርዝ ተነስቶ ገጹ ላይ ነው የሚያርፈው። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እኩለ ቀን ተቀምጠሽ ብታነቢ ፊደሉ እንደ ወረቀት ነው የሚታየው። ታብሌት እዚያ ፊትሽን ነው የሚያሳይሽ። በሌላ በኩል ኢ-ሪደር ዝግ ያለ ነው። ገጽ ሲገለጥ ብልጭ ይላል። ቪዲዮ አይታሰብም። አብዛኛውም ጥቁርና ነጭ ነው።

የእስጢፋኖሱ፦ ባለቤቴ ስልክ ላይ ስታነብ ዓይኗ ይቃጠላል። ኢ-ሪደር ይፈውሳታል?

መልስ፦ መድኃኒት አይደለም። ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው፤ ዓይን ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ትይ። ካልተሻላት ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዳት። ያን ሳታደርግ ዕቃ አትግዛ።

የካዛንቺሷ፦ ባሌ የሚያነበው አማርኛ ብቻ ነው። ኪንድል አማርኛ ያነባል?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኸው መጣ። ለማያውቅ፣ ኪንድል የአማዞን ኢ-ሪደር ነው። ረዘም ላደርገው ነው።

«አማርኛ መጽሐፍ» የምንለው ፋይል ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል መለያ) የተለቀመ፣ ኢፐብ (ከስክሪኑ ልክ ጋር የሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል) የሆነ ነው። ይህ ንጉሥ ነው። ፊደሉን ታሳድጊዋለሽ፣ ታሳንሺዋለሽ፣ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየሽ ፎንት ጎድሎ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች አውርጂ። ኪንድሉን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኚና «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ክተቻቸው። ኮቦ የሚባለው ሌላው ኢ-ሪደር ላይ ፎልደሩን ራስሽ ፍጠሪው። ከዚያ ከፊደል ማስተካከያው ላይ ትመርጫለሽ። ሌላ ጣጣ፣ ኢፐብን በኬብል ኪንድል ላይ ብትገለብጪው አይከፍተውም። ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትቀይሪዋለሽ፣ ወይም በአማዞን መላኪያ በኩል ትልኪዋለሽ። ኮቦ እንዳለ ይከፍተዋል።

ሁለተኛው የድሮው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ እኛ ማተሚያ ቤቶች የምንሠራው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የኛን ፊደል በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ለዓይን «ሰ» ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ሲከፈት ቆንጆ ይመስላል። ወደ ኢፐብ ልቀይረው ስትይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ፋይሉ ከጥንቱ አማርኛ አልነበረም።

ሦስተኛው ስካን ነው። የገጽ ፎቶ ማለት ነው። ፎንት አይጨመርበት፣ ፊደሉ አይሰፋ። እዚህ ላይ ስሌት አለ፣ ታገሡኝ። የኛ መጽሐፍ በብዛት ኤ5 ነው፤ ስፋቱ 14.8 ሴንቲሜትር። 6 ኢንች ኢ-ሪደር ስፋቱ 9 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ በ12 ነጥብ መጠን የታተመ ፊደል ወደ 7 ይወርዳል፤ ያ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ባዶውን ጠርዝ ብሪስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ብትቆርጪው ጽሑፉ ብቻ ይቀራል፤ 11 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ያኔ ፊደሉ ወደ 10 ይጠጋል። 7 ኢንች ከሆነ ደግሞ ስፋቱ 10.7 ነውና ፊደሉ ከወረቀቱ ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ባለ 11 ኢንቹ ሳምሰንግ ኤ9 ፕላስ ታብሌት ሲቆም ስፋቱ 14.8 ገደማ ነው። የኤ5 ገጽ ምንም ሳይቆረጥ በልኩ ይቀመጥበታል።

ጥራቱንም እዩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 የነበሩት ርካሾቹ ኪንድሎች በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ናቸው፤ አሁን 300 ነው። አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱን አጉሊ መነጽር የድሮው ላይ አስጠግቼ «ቡ»ን እና «ቢ»ን አየሁ። የሚለያቸው በቀኝ እግር ላይ ያለችው ሰረዝ ናት፤ አንዱ ጋ ወገቡ ላይ፣ ሌላው ጋ ከሥር። ፊደሉን ሳሳንሰው ሰረዟ ግራጫ ነጠብጣብ ሆነች። ለእንግሊዝኛ 167 ይበቃ ይሆናል። ለኛ ፊደል ከ300 በታች አትግዙ።

መጽሐፍ ነጋዴው ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፦ ይቅርታ፣ ስለ ስካን እንዲህ ዘና ብላችሁ ስታወሩ ያመኛል። አዲስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሳይሞቅ ቴሌግራም ላይ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 አለ እኮ!

የስድስት ኪሎው ተማሪ፦ ከገበያ የጠፋውንስ የት እናግኘው?

ነጋዴው፦ ወመዘክር አለልህ። አብርሆት በርህ ላይ ነው። ሂድና ተቀምጠህ አንብብ።

ተማሪው፦ ማታ ከሥራ ስወጣ ወመዘክር ይጠብቀኛል?

የጊዮርጊሷ፦ እኔ የምለው፣ ወረቀት መጽሐፍ ገዝቶ መስጠት ቀረ? ለሚስት ስጦታ ማለት እሱ ነው።

ተማሪው፦ ለሚስትሽ… ይቅርታ፣ ለባልሽ ግዢለት። ጥያቄው ስለ ዕቃ ነው።

መልስ፦ ነጋዴው እውነቱን ነው፣ እኔም እንጀራዬ ከመጽሐፍ ነው። ለደራሲዎቻችን አንድ ነገር ልለምን። ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ አስለቅሙ። በዩኒኮድ ተለቅሞ ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በወጉ ከተቀናበረ ኢፐቡን ከዚያው ፋይል አወጣላችኋለሁ። የሚሸጥ ጥሩ ኢፐብ ቢኖር ብዙ አንባቢ ጠማማ ስካን አይፈልግም ነበር። አሁን ወደ ጥያቄያችን።

የአምባሳደሯ፦ የትኛው ነው የሚያዋጣው?

መልስ፦ ፋይሉን እዩ ብያለሁ። መጀመሪያ እሱን።

የስድስት ኪሎው ተማሪ፦ ሚስቴም ማስተርስ ላይ ናት። የምታነበው የእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ ነው፣ ሁለት ዓምድ፣ ሠንጠረዥ የበዛበት። እያሰመረች ነው የምታነበው።

መልስ፦ ታብሌት፣ ከነብዕሩ። ከ10 ኢንች አትውረድ።

የለገሃሩ፦ ልጆች ካሉስ? ታብሌት ቤት ከገባ የልጆች ነው።

የካዛንቺሷ፦ እውነት ነው! እኛ ቤት አባትየው የሚያገኘው ልጆቹ ሲተኙ ነው።

የጊዮርጊሷ፦ እሱ የሥርዓት ጉዳይ ነው እንጂ የታብሌት አይደለም።

የለገሃሩ፦ አንቺ የሦስት ዓመት ልጅ የለሽም ማለት ነው።

መልስ፦ ልጅ ማሳደግ ላይ አልገባም። ኢ-ሪደርን ግን ልጅ ሁለት ደቂቃ ነክቶ ይተወዋል። ይህን በቤቴ አይቻለሁ።

የሜክሲኮዋ፦ ክብደቱስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ኪንድል ፔፐርዋይት 211 ግራም፣ ኤ9 ፕላስ 480 ግራም። ተጋድሞ ለሚያነብ ሰው ክንዱ ይነግረዋል።

የእስጢፋኖሱ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው፣ መርካቶ አንድ ልጅ ጋ አይቻለሁ።

መልስ፦ ቆይ። ብር ከኪስህ ሳይወጣ የስልክህን ሆትስፖት ክፈትና እዚያው ሱቁ ውስጥ በራስህ አካውንት አስገባው። ኪንድል ተሰርቋል ተብሎ ከተዘጋ አይመዘገብልህም። አይፓድ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተወው። አንድሮይድ ታብሌት ሪሴት ተደርጎ የድሮውን የጉግል አካውንት ከጠየቀም ተወው። «እኔ እከፍትልሃለሁ» የሚልህን አትስማ። የኢ-ሪደሩን ስክሪን ደግሞ አሥር ገጽ ገልጠህ እይ። መስታወቱ ደህና ሆኖ ከሥር የተሰነጠቀ ይኖራል፤ የማይጠፋ መስመር ካየህ እሱ ነው። የታብሌት መስታወት የሚቀይር በየሰፈሩ አለ። የኢ-ሪደር ስክሪን የሚቀይር እስካሁን እዚህ አላጋጠመኝም። ሽፋን ሳትገዛለት ታክሲ ውስጥ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከተው።

የአምባሳደሯ፦ እሺ፣ ስለ ፋይሉ… ሁሉም በቴሌግራም ነው የሚመጣላት። ኪንድል ላይ ቴሌግራም አለ?

መልስ፦ የለም። አሁን ጥያቄ ጠየቅሽ! ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ከሌለና በኬብል የሚገለብጥላት ወይም በአማዞን መላኪያ የሚልክላት ሰው ከሌለ ኪንድል መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ወይ ታብሌት፣ ወይ እንደ ቡክስ ያለ አንድሮይድ ያለው ኢ-ሪደር። እሱ ላይ ቴሌግራም ይጫናል።

የሜክሲኮዋ፦ ውኃ ቢነካውስ?

መልስ፦ ሞዴሉን እዪ። ፔፐርዋይት ይችላል።

የለገሃሩ፦ ለአማርኛ ኪንድል ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ግማሽ ሰዓት የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ሙሽራው ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሰላሳ ምናምን ፒዲኤፍ አላት፣ ሁሉም አማርኛ ነው። ከቴሌግራም የመጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከአባቷ መደርደሪያ መጻሕፍት እያወጣች በስልኳ ፎቶ ያነሳቻቸው ናቸው። አባቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ቤቱ ሲፈርስ መጻሕፍቱ ለወንድሞቿ ተከፋፈሉ፤ እሷ ፎቶውን ያዘች። ማታ ልጁን አስተኝታ፣ መብራት አጥፍታ፣ በስልኳ ነው የምታነበው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የጣቷ ጥላ አለ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

6 ኢንች አትግዛ። 7 ኢንች፣ 300 ነጥብ፣ መብራቱ ወደ ቢጫ የሚሞቅ ይሁን፤ ልጁ አጠገቧ ስለሚተኛ። ታብሌት ስካኑን በልኩ ያሳያል፣ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ነጭ ገጽ ልጁን ይቀሰቅሰዋል። ፎቶዎቹ ባለ ቀለም ስለሆኑ ኢ-ሪደር ላይ ግራጫ ሆነው ይደበዝዛሉ። ስካን ቴይለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሁለት ገጽ አብሮ የተነሳውን ይለያል፣ የተጣመመውን ያቃናል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጣል። የጣቷ ጥላ ጽሑፉ ላይ ካላረፈ እሱም ይጸዳል።

አንድ ነገር ግን። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች እንዳታጠፋባት። አባትየው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፉት ካለ ጠርዙ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። ያለበትን ገጽ ለይተህ ሳይቆረጥ ተወው።

ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዘህ ማተሚያ ቤት ና። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አብረን እንሠራዋለን፣ የቀረውን ራስህ ትጨርሰዋለህ።