ተረከዜ ቡቱ ውስጥ ይነሣል

ጥያቄ፦ ከደረጃ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ በመራመጃ ቡት (እግርን እንደ ጀሶ በሚይዝ፣ በማሰሪያ በሚጠብቅ ጠንካራ ጫማ) እንድሄድ አዘዘኝ፤ ልጄም እስከ ጉልበቴ ሥር የሚደርስ ቡት ከአሜሪካ ላከችልኝ። ስራመድ ግን እግሬ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል። ጀሶው እንዲህ አልነበረም። አጥንቴን ይጎዳው ይሆን?
ወ/ሮ አ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርዎት። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይና ወደ ታች በጠቅላላው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ልክ የሆነና በደንብ የታሰረ ረጅም ቡት ይህን በብዙ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ጀሶም ቢሆን እብጠቱ ሲጎድል ይሰፋል። ስለዚህ ትንሽ እንቅስቃሴ ስለተሰማዎት ብቻ አይስጉ።

እኔን ያሳሰበኝ ቡቱ እግርዎ ሳይለካ መገዛቱ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን እንዲህ ያለ ቡት አድርጎ የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የማየው ተረከዙን ነው። ሲራመድ ተረከዙ ከቡቱ ወለል ብድግ ካለ፣ ወይ ቡቱ ሰፍቶታል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ቡቱ ውስጥ እንደልቡ ይታጠፋል።

ቡቱን ሲያስሩ ቁጭ ብለው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ተረከዝዎን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ይግፉ። የውስጡን ስፖንጅ ሳይጨማደድ ይጠቅልሉት። ከጣት በኩል ጀምረው ወደ ላይ ያጥብቁ። ተረከዙን ቦታው ላይ የሚይዘው ቁርጭምጭሚቱን ከፊት የሚያቋርጠው ማሰሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ባቱ ላይ ያለውን አንቆ ይሄንን ያላላዋል። እግር በቀን ውስጥ ያብጣል፣ ተኝተው ሲያድሩ ይጎድላል፤ ስለዚህ ጠዋት የታሰረውን እየፈተሹ ያስተካክሉት። ጣትዎ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ያላሉት።

አረማመድዎም ለውጥ ያመጣል። የቡቱ ሶል ከሥሩ ጎበጥ ያለው ቁርጭምጭሚቱ ሳይታጠፍ እግርዎ ወደፊት እንዲያልፍ ነው። በጣትዎ መሬቱን አይግፉ፤ አጠር አጠር አድርገው ይራመዱ። ኮብልስቶን ላይ ቡቱ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ክራንችዎን በጤነኛው እግር በኩል ይያዙ። በሌላው እግርዎ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፤ አለዚያ አንዱ እግር ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ወገብዎን ያምዎታል።

እንዲህ አስረውም ተረከዝዎ ከተነሣ ቡቱ የእርስዎ ልክ አይደለምና ይዘውት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ስብራቱ ያለበት ቦታ ሕመሙ ከጨመረ፣ ወይም ባትዎ አብጦ ካመመዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።