መልስ፦ ኮምፒውተር እያለ የሌንስ ፊልተር ለምን?

ወንድሜ፣ «ፎቶውን በኮምፒውተር ማስተካከል ከተቻለ ፊልተር መግዛት ለምን?» ላልከው፦ ሌንሱ ፊት ከሚገጠሙት ከእነዚህ መስታወቶች ሁሉንም አትግዛ፤ ፖላራይዘር የሚባለውን ግን አትለፈው። ከውኃና ከእርጥብ ቅጠል ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ካሜራው ውስጥ ሳይገባ ያስቀረዋል። ነጸብራቁ የሸፈነውን ቀለም ካሜራው ስላላየው የትኛውም ሶፍትዌር እውነተኛውን አይመልስልህም። ክረምት ሲወጣ ጢስ ዓባይ ከሄድክ እርጥቡ ገደል ላይ አነጣጥረህ ፊልተሩን ቀስ እያልክ አዙረው፤ ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ቀስተ ደመናውንም ሊያጠፋብህ ስለሚችል ግን ተጠንቀቅ! ሰማዩን በደንብ የሚያደምቀው ፀሐይዋ በጎንህ ስትሆን ነው፤ በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ ግን ሰማዩ ወጥ አይሆንም።

ፏፏቴው እንደ ነጠላ እንዲለሰልስ ከፈለግህ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ጨምር። ባለ 6 ስቶፑ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) የ1/30 ሰከንዱን የፎቶ ማንሻ ጊዜ ወደ 2 ሰከንድ ያደርሰዋል፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የግድ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከለክለውን ዩቪ ፊልተር ሌንሱን ከአቧራ ለመጠበቅ ካልሆነ ተወው።