ሲግናሉ ጎልቶ ይታያል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከመሃል አዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። ሁሉም በአማተር ሬዲዮ ከኪቦርድ ወደ ኪቦርድ እየጻፉ ስለመጨዋወት ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ 14.070 ሜጋኸርዝ ላይ ፒኤስኬ31 በተባለው የጽሑፍ መላላኪያ ዘዴ (ሞድ) ቀን ቀን ያለችግር እጨዋወታለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ሲግናሉ ዋተርፎሉ (ሲግናሎችን በሥዕል የሚያሳየው የፕሮግራሙ መስኮት) ላይ ደምቆ እየታየ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ሬዲዮዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሬዲዮዎ ደህና ነው፤ የተረበሸው ሰማዩ ነው። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚህ ወገብ ዙሪያ ያለው አዮኖስፌር (የሬዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የከባቢ አየር ክፍል) ይታወካል፤ አንዱ ሲግናል በብዙ ተንቀሳቃሽ መንገዶች ተከፋፍሎ ይደርሳል፣ በጆሮ ሲሰሙትም ይርገበገባል። ፒኤስኬ31 ደግሞ ፊደሉን የሚያስተላልፈው ፌዙን (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ) በመገልበጥ ነው፣ በሰከንድ 31.25 ቢት ፍጥነት። ሰማዩም በበኩሉ ፌዙን ሲያዛባው ፕሮግራሙ የላኪውን ከሰማዩ መለየት ያቅተዋል። ለዚህ ነው ላኪው ፓወር ቢጨምርም ለውጥ የማያዩት።

ለማረጋገጥ ዋተርፎሉን አጉልተው ይመልከቱ። ቀን ላይ ላኪው መጻፉን ገታ ሲያደርግ እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ማታ እነዚያው መስመሮች ጫፉ እንደተበተነ ክር ከሆኑ ምክንያቱ ይኸው ነው። መስመሮቹ ጥርት ብለው እያሉ ጽሑፉ ከተበላሸ ግን ችግሩን ኬብሉ ወይም ሳውንድ ካርዱ ላይ ይፈልጉ።

መፍትሔው ሞዱን መቀየር ነው። ለምሽት ኦሊቪያ 8/500 እንመክራለን፤ 8 ድምፆችን በ500 ኸርዝ ውስጥ ይጠቀማል፣ ፌዝ ላይ አይመሠረትም፣ የጠፋ ቢትም ያርማል። ደካማ ሲግናል ከሆነ ወደ 8/250 ይውረዱ፤ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሁለታችሁም ምርጫ አንድ ካልሆነ ምንም አይነበብም፤ ስለዚህ በኤፍኤልዲጂ (እነዚህን ሞዶች የሚልክና የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ አርኤስአይዲ የሚለውን የሞድ መለያ ምልክት ለመላኪያም ለመቀበያም ያብሩት፣ የተቀባዩ ፕሮግራም ሞዱን ራሱ ይለያል። ኦሊቪያ ጽሑፉን በጥቅል በጥቅል ስለሚልክ ፊደሉ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ይወጣል። ዝም አለ ብለው ተቻኩለው ከሲግናሉ ላይ አይነሱ።

ጥያቄ፦ የምጽፍለት ሰው «ሲግናልህ ሰፊ ነው፣ ጎረቤቶቹን ይሸፍናል» አለኝ። ኬብሉን የሠራሁት ራሴ ነኝ። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ይህ በአብዛኛው ከላፕቶፑ የሚወጣው ድምፅ ሲበዛ የሚመጣ ነው። የጆሮ ማዳመጫ መውጫው ቮልት ይሰጣል፣ የማይክ መግቢያው ደግሞ የሚፈልገው ሚሊቮልት ነው። በመስመሩ ላይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ፤ ከሱ በኋላ በማይኩ በኩል ከመስመሩ ወደ ግራውንድ 100 ኦም ይበይዱ። ድምፁ 100 ጊዜ ያህል ያንሳል። ለመላኪያውም ለመቀበያውም ባለ 600 ኦም አንድ ለአንድ ትራንስፎርመር ቢያስገቡ የ50 ኸርዝ እምምታው ይጠፋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ የላፕቶፑንና የሬዲዮውን ግራውንድ በአንድ ሺልድ ካገናኙ ትራንስፎርመሩ ከንቱ ነው።

ከዚያ ሬዲዮውን አፐር ሳይድባንድ ላይ አድርገው ኮምፕሬሰሩን ያጥፉ። እየላኩ የላፕቶፑን ድምፅ ከዜሮ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉ፤ የኤኤልሲ (ድምፁ ሲበዛ ሬዲዮው ራሱ የሚቀንስበት መቆጣጠሪያ) መርፌ ንቅንቅ ሲል ያቁሙና መርፌው ወደ ዜሮ እስኪመለስ ዝቅ ያድርጉ። ለፒኤስኬ31 ከ25 እስከ 30 ዋት በቂ ነው። 100 ዋቱን ለማውጣት መታገል አስፈላጊ አይደለም፤ ኦሊቪያ ላይማ ሬዲዮው ያለፋታ ስለሚሠራ ይግላል። የዊንዶውስ የማሳወቂያ ድምፆችንም ያጥፉ፣ አለዚያ አየር ላይ ይወጣሉ።

አፓርትመንት ውስጥ ዋተርፎሉ ቁልቁል በወረዱ መስመሮች ከተሞላ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉና በባትሪ ይሞክሩ። መብራት በጠፋ ሰዓት ባንዱን ማዳመጥም ጠቃሚ ነው፤ የትኛው ጫጫታ ከሕንፃው እንደሚመጣ ያኔ ይለያል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮም ፈቃድም ሳይኖረኝ መለማመድ እችላለሁ? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ማንበብን መለማመድ ይችላሉ። በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲን ዌብኤስዲአር (ከርቀት የሚሰማ የሬዲዮ መቀበያ) በኢንተርኔት ይክፈቱና ድምፁን ወደ ኤፍኤልዲጂ ያስገቡ። ለመላክ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክበብ ጣቢያም እዚያው ሰፈርዎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በኤፍኤልዲጂ ይቻላል፣ ሁለቱም ወገኖች ዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል የሚይዝ ኮድ) ከመረጡ። ግን ዋጋው ውድ ነው። የፒኤስኬ31 ኮድ በእንግሊዝኛ ብዙ ለሚያገለግሉ ትንንሽ የላቲን ፊደላት አጭር ነው፤ «ኢ» (e) የምትባለዋ ፊደል 2 ቢት ብቻ ናት። የኛ አንድ ፊደል ግን በ3 ባይት ይላካል፣ እያንዳንዱ ባይትም ከሚቀጥለው የሚለየውን ምልክት ጨምሮ ቢያንስ 12 ቢት ይወስዳል። «ሰላም»ን በላቲን ለመላክ 1 ሰከንድ ያህል ሲበቃ በፊደላችን ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ከ3ቱ ባይት አንዱ ከተበላሸ ደግሞ ሙሉ ፊደሉ ይጠፋል። ቀን ላይ፣ ሲግናሉ ጥርት ሲል፣ በደንብ ይሠራል፤ ቢሞከርም ደስ ይለናል። ጄኤስ8ኮል የሚባለው ሌላው የጽሑፍ መላላኪያ ፕሮግራም ግን ፊደላችንን አያስተላልፍም።

ጥያቄ፦ ጄኤስ8ኮል ላይ ሲግናል እሰማለሁ፣ አንድም ጽሑፍ አይወጣም። ሰዓቴን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማድረጌ ይሆን ችግሩ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ 6 ሰዓት መለወጥዎ ጽሑፉን አያስቀረውም። ፕሮግራሙ በመደበኛ ፍጥነት የሚያየው የ15 ሰከንዱን ዙር ስለሆነ የሚጎዳው የሰከንድ መዛነፍ ነው፤ ከ2 ሰከንድ ካለፈ ንባቡ ይቆማል። ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ያስተካክሉ፤ ኢንተርኔት ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካ ጂፒኤስ ይሠራል።

የ6 ሰዓቱ ለውጥ የሚያበላሸው ሎጉን (የግንኙነት መዝገቡን) ነው። ኮምፒውተሩን በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይተዉት፣ ሎጉ የሚጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ዩቲሲ 12:00፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 16:00 ነው።