«ልገዛ ነው» ወይስ «ልግዛ ነው»?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ለእህቴ «ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ልግዛ ነው» ብዬ መልእክት ብልክላት «ልገዛ ነው በይ» ብላ አረመችኝ። «ልግዛ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ማንም አያርመኝም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህትዎ ልክ ናቸው። «ልግዛ» ፈቃድ ይጠይቃል፣ ወይም ለራስ የሚነገር ማሳሰቢያ ነው። «ልገዛ ነው» ደግሞ አስቀድሞ የተወሰነ ሐሳብ ነው።

የሚያደናግረው «እኔ» ላይ ሁለቱም በ«ል» መጀመራቸው ነው። ወደ «እሱ» ሲወስዱት «ሊገዛ ነው» እና «ይግዛ» ሆነው ይለያያሉ፤ «ሊግዛ ነው» የሚል ሰው የለም። «እኛ» ላይም «ልንገዛ ነው» እና «እንግዛ» ነው።

ሲጠራጠሩ ከ«ነው» በፊት የሚገባውን ከ«እገዛለሁ» ያውጡት፤ ሌላውን ከትእዛዙ፣ ከ«ግዛ»። ሽንኩርት ሲሆን «እከትፋለሁ» ስለሚባል «ልከትፍ ነው»፤ «ክተፍ» ስለሚባል «ልክተፍ»። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ግን ይጠንቀቁ። «እልጣለሁ» ስለሚባል ትክክሉ «ልልጥ ነው» ነው። «ልላጥ ነው» ካሉ የሚላጡት እርስዎ ሆኑ ማለት ነው!

«ጨመረ»፣ «ቀቀለ»፣ «ፈለገ» አያስቸግሩም። መካከለኛ ፊደላቸው በትእዛዙም ጠብቆ ስለሚነገር «በርበሬ ልጨምር ነው» እና «በርበሬ ልጨምር?» ላይ ግሡ አንድ ነው። ከእነዚህ የለመደ ሰው «ልግዛ ነው» ቢል አይገርምም።

«ብዬ» ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። «ዓሣ ልገዛ ወጣሁ» ትክክል ነው፤ «ዓሣ ልግዛ ብዬ ወጣሁ»ም ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ለራስ የተባለውን ቃል እንዳለ ይጠቅሳልና። «ስል» ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰማል። «ልወጣ ስል ዝናብ ጣለ» የሚለው ሰው ምንም ቃል ሳይተነፍስ በሩ ላይ ደርሷል፤ «ልውጣ ስል ከለከሉኝ» የሚለው ግን አፍ አውጥቶ ጠይቋል።

ስለዚህ መልእክትዎ እንዲህ ቢሆን ሁለቱም በየቦታቸው ይገባሉ፦ «ቅዳሜ ቆሮሶ ዓሣ ልገዛ ነው። አምባዛም ልግዛ?»