የአቲካ እስረኞች ጥያቄ የመታጠቢያ ጥያቄ ብቻ ነበርን?

ጥያቄ፦ በለገጣፎ የምንኖር ጥቂት ወጣቶች ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የነጻነት ትግል እያነበብን እንወያያለን። በኒው ዮርክ ግዛት በአቲካ ወህኒ ቤት ስለ ተነሣው ዐመፅ ስንነጋገር፣ አንድ ጓደኛችን እስረኞቹ የጠየቁት ገላ መታጠቢያና የመጸዳጃ ወረቀት ስለ ሆነ ከነጻነት ትግሉ ሊቆጠር አይገባም አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጓደኛችሁ የጠቀሰው እውነት ነው፤ የአቲካ እስረኛ ገላውን የሚታጠበው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን የመጸዳጃ ወረቀትም በወር አንድ ጥቅል ብቻ ይሰጠው ነበር። ነገር ግን እነዚያው እስረኞች ሃይማኖታቸውን በነጻነት እንዲከተሉ፣ በፖለቲካ እንቅስቃሴያቸው እንዳይቀጡ፣ ለሚሠሩትም ሥራ የግዛቲቱ ሕግ የሚያዝዘው ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፈላቸው ጠይቀዋል። በተለይ የደመወዙ ጥያቄ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። በ1858 ዓ.ም. የጸደቀው አሥራ ሦስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር በወንጀል የተቀጣውን ሰው ለይቶ አስቀርቶታልና፣ ከእስረኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች፣ ጠባቂዎቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች በነበሩበት ስፍራ ስለ ደመወዝ መናገር ከባርነት የተረፈውን መቃወም ነበር ብለን እናምናለን።

ከትግሉ ጋር ያለው ትስስር በድርጊታቸውም ይታያል። ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ጆርጅ ጃክሰን ነሐሴ 15 ቀን 1963 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሳን ኩዊንቲን ወህኒ ቤት በጠባቂዎች ጥይት ሲገደል፣ በአገሪቱ ሌላኛ ጫፍ የነበሩት የአቲካ እስረኞች በማግስቱ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ቃል ሳይተነፍሱ በመመገቢያው አዳራሽ ተቀመጡ። ዐመፁ የተነሣው ጳጉሜን 4 ቀን ነው፤ እስረኞቹ ጠባቂዎችንና ሠራተኞችን አግተው ከባለሥልጣናቱ ጋር መደራደር ጀመሩ፤ እኛ 1964 ዓ.ም.ን በተቀበልንበት ዕለት ድርድሩ ገና አልተቋረጠም ነበር። በእነዚያ ቀናት የታጋቾቹን ደኅንነት የጠበቁት ሙስሊም እስረኞች መሆናቸው እምብዛም አይነገርም።

ባለሥልጣናቱ አብዛኛውን ጥያቄ ሲቀበሉ፣ እስረኞቹ በዐመፁ ምክንያት እንዳይከሰሱ የጠየቁትን ምሕረት ግን ከለከሉ፤ በዐመፁ መጀመሪያ የተጎዳ አንድ ጠባቂ ሞቶ ነበርና። አገረ ገዥው ኔልሰን ሮክፌለርም ወደ ስፍራው እንዲመጡ ተለምነው እምቢ አሉ። መስከረም 2 ቀን ወህኒ ቤቱን ለማስመለስ በተተኮሰው ጥይት 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች ለሞት ተዳረጉ። ወዲያውኑ ታጋቾቹን እስረኞች አንገታቸውን እንዳረዷቸው ተነገረ፤ የአስከሬን ምርመራው ግን የገደላቸው ጥይት መሆኑን አረጋገጠ፣ ጥይት የያዙትም እስረኞቹ አልነበሩም። ግዛቲቱ ለተደበደቡትና ለተሠቃዩት እስረኞች 8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው በ1992 ዓ.ም. ነው። ዐመፁ የወንበዴ ሁከት ሆኖ በብዙዎች አእምሮ የተቀረጸው በዚያ ሐሰት ጭምር ስለ ሆነ፣ ቀጣዩን ውይይታችሁን ከዚህ ብትጀምሩ መልካም ነው።