ለጮቄ ብርድ ከውስጥ ምን ይለበስ? ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ጮቄ ተራራ ስንወጣ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለጃኬት ነው። ከውስጥ ስለሚለበሰው የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። አሁን ጥያቄው በዝቷልና እንደ አመጣጡ ልመልስ። የምመክረው ሁሉ ከሰልባጅ ተራ የሚገኝ ነው።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጮቄ ያን ያህል ይበርዳል እንዴ?

በጣም እንጂ! ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ አንተው ደምረው። ንፋሱ ሳይቆጠር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ታገኘዋለህ።

ወፍራም የጥጥ ካናቴራ አለኝ፤ አይበቃኝም?

ለዳገት አይሆንም። ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ቶሎ አይደርቅም። አንድ ጊዜ ከረቡዕ ገበያ ከተማ በላይ ያለውን ዳገት በጥጥ ካናቴራ ወጣሁት። እየሄድኩ ሞቆኝ ነበር። ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ ግን ጀርባዬ ላይ የተለጠፈው ካናቴራ በረዶ ሆነብኝ። እጄ ተንቀጥቅጦ የዳቦውን ፌስታል መፍታት አቃተኝ። ከላይ ደህና ጃኬት ለብሼ ነበር፤ አላዳነኝም። ገላህን የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ፖሊስተር ውሃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል።

ሰልባጅ ላይ ሱፍ መሆኑን በምን ልለየው? የጨርቁ ዓይነት የተጻፈበት ምልክት ተቆርጧል።

ሻጩን አስፈቅደሽ ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዥና ክብሪት አስነኪያት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ሲታሽ ይፈርሳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ከዚያ ብብቱንና ክርኑን ወደ ብርሃን አንስተሽ እዪ። ከሳሳ ተዪው፣ ሌላ አይጠፋም።

ልጄ፣ እኔ ጋቢዬን ይዤ ነው የምወጣ። ጥጥ ነው ብለህ ልታስጥለኝ ነው?

ኧረ በፍጹም አባቴ! ሲያርፉና ሲተኙ እንደ ጋቢ ያለ የለም፤ በእጥፉ መሐል አየር ይይዛል፣ የሚያሞቀውም እሱ ነው። እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቅልሉት። ሲሄዱ ግን ከሥር ስስ የሱፍ ሹራብ ይልበሱ።

ወንድሜ ኖርዌይ ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ልብስ) ለብሶ ባሕር ይጠልቃል። ከሥሩ የሚለበሰው ተወዶበታል። ሰልባጅ ይሆነዋል?

ይሆነዋል። ድራይ ሱት ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ስስ ከሆነ ራሱ አያሞቅም። ሙቀቱ ከውስጥ ልብሱ ነው። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከእኛ ይልቅ እሱ ይጠንቀቅ። ገላው ላይ ስስ ሱፍ፣ ከዚያ በላይ ወፍራም የፍሊስ (ለስላሳ፣ ፀጉራም የፖሊስተር ጨርቅ) ሹራብና ሱሪ ይደርብ። ጥልቀቱ ልብሱን ስለሚጨፈልቀው ስስ ፍሊስ ብቻውን አይበቃም። ትልልቅ ቁልፍና ዚፕ ያለውን ይተው፣ ገላው ላይ ይቆረቁረዋል። ካልሲ ደራርቦ እግሩን አያስጨንቅ፤ ደም ካልዞረ ይበርዳል። አንድ ነገር በደንብ ንገሪው፦ ልብሱ ሲወፍር ብዙ አየር ስለሚይዝ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። የሚታጠቀውን ክብደት መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሞክር።

ሰው የለበሰው ነው፤ ቅማልና እከክ አያመጣም?

ፍሊሱን በሙቅ ውሃ እጠቡት። ሱፉን ግን በሙቅ ውሃ አትንኩ፤ የልጅ ልብስ ያህል ይሆናል። ለሁለት ሳምንት በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁና ጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁ።